ፍልስፍናና የመምህር ጭንቀት
(በመምህራን ማኅበር ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



 የመረጥሁት ርእስ ፍልስፍና ለተጨነቀ ሰው ምን ይጠቅመዋል የሚል ነው። ፍልስፍና ሲባል ከመካከላችን አንዳንዱ ከኑሮ የራቀ፥ ሥራ የፈቱ ሰዎች የሚከራከሩበት የቃላት ጨዋታ ይመስለው ይሆናል። እኔም በወጣትነቴ እንደዚሁ አስብ ነበር። ዳሩ ግን ቃሉ በግሪክ ቋንቋ ጥበብን መውደድ ማለት እንደ ሆነ፥ የጥንት ሰዎችም ጥበብን የወደዱት ለመከራከር ብቻ ሳይሆን ለመኖርም ጭምር እንደ ነበረ ከተረዳሁ ወዲህ አስተያየቴን ለውጫለሁ።

ነገሩን ከቅርብ ልጀምር። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በጥር ወር 2015 ዓ.ም. በተገለጸ ጊዜ፥ ከተፈተኑት ወጣቶች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት ከመቶ 3.3 ያህል ብቻ ሆነው ተገኙ። በሚቀጥለው ዓመት 3.2 ሆነ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ደረሰ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት አንድ ተማሪ እንኳ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ ከሺህ በላይ ነበሩ። ይህን ቍጥር ሁላችንም ሰምተነዋል፤ ተከራክረንበታልም። ቍጥሩ በአንድ መምህር ልብ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ግን ብዙ ጊዜ አልተነጋገርንም።

በዚያ ጥር ወር፥ አንድም ተማሪ ካላሳለፉት ትምህርት ቤቶች በአንዱ የሚያስተምር ወዳጄ ከቤቴ መጣ። ሒሳብ ማስተማር ከጀመረ 19 ዓመቱ ነው። ሻይ ቀረበለት፤ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አልነካውም። ከብዙ ዝምታ በኋላ፥ «ሌሊት ሌሊት ጠመኔ ጨብጬ ሰሌዳ ፊት ቆሜ የምጽፈው ሲጠፋኝ በሕልሜ አያለሁ። ጧት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ እግሬ ይከብደኛል። የዘንድሮዎቹም ይወድቁ ይሆናል እያልሁ ሳስብ፥ ማስተማሩ ራሱ አቃተኝ» አለኝ። እኔም እንደ ወጉ፥ «አይዞህ፥ ቀን እስኪያልፍ ያለፋል» አልሁት። እርሱም ፈገግ ብሎ፥ «እሱንማ ሁሉም ይለኛል» አለ። በዚያን ቀን ሌላ የምለው አልነበረኝም፤ አፍሬም ቀረሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ነገር በዚያን ቀን ልመልስለት ይገባኝ የነበረውን መልስ ፍለጋ ያገኘሁት ነው።

አስቀድመን ጭንቀት ምን እንደ ሆነ እንመርምር። ፍርሃትና ጭንቀት አንድ አይደሉም። ጅብ በፊቱ የቆመበት መንገደኛ ይፈራል፤ ጅቡ ሲሄድም ፍርሃቱ አብሮ ይሄዳል። ጭንቀት ግን ገና ያልመጣውን፥ ምናልባትም የማይመጣውን ነገር እንደ መጣ አድርጎ ዛሬ በልብ ውስጥ ማኖር ነው። ስለዚህ ጅቡ የለምና የሚሄድ ጅብም የለም። በቋንቋችን የተቸገረ ሰው «ጨነቀኝ፥ ጠበበኝ» ይላል። በላቲን ቋንቋም ለጭንቀት የተሰጠው ስም ከማነቅና ከማጥበብ የወጣ ነው። የሁለቱ ሕዝቦች አነጋገር መገጣጠሙ ያለ ምክንያት አይደለም። ጭንቀት ሰፊውን ልብ ወደ አንዲት ጠባብ ጥያቄ ይሰበስበዋል፤ ይህችውም «ነገ ምን ይሆናል?» የምትለው ናት። የነገን ነገር ደግሞ ከሰው ወገን ማንም አያውቀውም። እንግዲህ መልስ የሌለውን ጥያቄ ሌሊቱን ሁሉ ስንጠይቅ ብናድር፥ ነግቶ የምናገኘው ድካም ብቻ ነው።

ይህን የሰው ልጅ ችግር ከመረመሩት ፈላስፎች መካከል በጣም የደከሙበት፥ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 ቅዱስ ጳውሎስ በአቴና ያገኛቸው ኢስጦኢኮች ናቸው። ትምህርታቸው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ግድም በአቴና ከተማ ተጀመረ። መሥራቹ ዜኖን የቆጵሮስ ተወላጅ ነጋዴ ነበረ፤ እንደሚተረክለትም መርከቡ ተሰብሮ ሸቀጡ ከሰጠመ በኋላ ነው ወደ ፍልስፍና የገባው። የሚያስተምረው አዕማድ ባሉት ደጅ ሥር ነበረና፥ ኢስጦኢኮች የሚለው ስም ከዚያ ደጅ ስም የመጣ ነው። እንግዲህ ይህ ትምህርት ከመነሻው ንብረቱን ባሕር የወሰደበት ሰው ያገኘው መጽናኛ ነው ማለት ይቻላል።

ከኢስጦኢኮች መካከል ለኛ ለመምህራን ቅርብ የሆነው ግን ኤፒክቴጦስ ነው። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ50 ዓመት ግድም በፍርግያ አገር ኢያራጶሊስ በምትባል ከተማ የተወለደ ሲሆን፥ ባሪያ ሆኖ በሮማ አደገ። አንድ እግሩም ሽባ ነበረ። ጌታው ራሱ ከባርነት ነጻ የወጣ፥ በንጉሠ ነገሥቱ በኔሮን ቤት ያገለገለ ሹም ነበረ። ኤፒክቴጦስ ገና ባሪያ ሳለ ከአንድ ፈላስፋ እግር ሥር ተቀምጦ ተማረ፤ በኋላም ነጻ ወጣና ማስተማር ጀመረ። በመጀመሪያው መቶ ዓመት መጨረሻ ግድም ዶሚጥያኖስ የተባለው ንጉሠ ነገሥት ፈላስፎችን ሁሉ ከሮማ ባባረረ ጊዜ፥ እርሱም ተሰዶ ኒቆጶሊስ በምትባል የግሪክ ከተማ ትምህርት ቤት ከፈተ። በኋላ እመለስበታለሁና ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኤፒክቴጦስ አንድ መጽሐፍ እንኳ አልጻፈም። ሥራው እንደኛ ክፍል ገብቶ ማስተማር ብቻ ነበረ።

የትምህርቱ መሠረት አንድ መለያየት ነው። በዓለም ካሉት ነገሮች አንዳንዶቹ በእጃችን ናቸው፤ ሌሎቹ በእጃችን አይደሉም። በእጃችን ያሉት አስተያየታችን፥ ውሳኔያችን፥ ምኞታችንና ጥላቻችን፥ በአጭሩ የራሳችን ሥራ የሆነው ሁሉ ነው። በእጃችን ያልሆኑት ደግሞ ሥጋችን፥ ሀብታችን፥ ዝናችን፥ ሹመታችን፥ የሌላ ሰው አሳብና ነገ የሚሆነው ነገር ናቸው። ሰው የሚጨነቀው እነዚህን ሁለቱን ሲያደባልቅ ነው፤ በእጁ ያልሆነውን እንደ ግል ንብረቱ ቈጥሮ ሲይዘው፥ በእጁ ያለውን ደግሞ ሲጥለው ማለት ነው። እንዲሁም ሰውን የሚያስጨንቀው የደረሰበት ነገር ራሱ ሳይሆን፥ ስለ ደረሰበት ነገር የያዘው አስተያየት እንደ ሆነ ኤፒክቴጦስ ያስተምር ነበር። ይህ በአፍ ሲነገር ቀላል ነው፤ በባርነት የኖረና እግሩ የተጎዳ ሰው ሲናገረው ግን ክብደቱ ሌላ ነው።

የሮማው ጸሐፊ ሲሴሮ የኢስጦኢኮችን ትምህርት ሲያብራራ የቀስተኛን ምሳሌ ያመጣል። ጥሩ ቀስተኛ ዒላማውን ለመምታት የሚያስፈልገውን ሁሉ ያደርጋል። ፍላጻው ከእጁ ከወጣ በኋላ ግን መምታቱ የርሱ ሥልጣን አይደለም። እኛ ቀስተኛ ባናውቅም ገበሬውን እናውቀዋለን። ጤፍ የሚዘራ ገበሬ መሬቱን ደጋግሞ ያርሳል፤ ያለሰልሳል፤ በሐምሌ ይዘራል፤ ያርማል። ዝናሙን ግን አያዝዝም፤ በረዶውን፥ ውርጩንና አንበጣውን አይከለክልም። ዝናም ይመጣ ይሆን እያለ እርሻውን ትቶ ሰማይ ሲያይ የሚውል ገበሬ ብናይ፥ ዝናም ቢመጣም ባይመጣም ይህ ሰው አያጭድም እንላለን። በዚያው መጠን፥ ዝናም በእጄ አይደለም ብሎ አረሙን የተወ ገበሬ ብናይ ፈላስፋ አንለውም፤ ሰነፍ እንለዋለን። ሁለቱም አንድ ስሕተት ተሳስተዋል። የእጃቸውን ሥራ በእጃቸው ካልሆነው ነገር ጋር ደባልቀውታል።

አሁን ወደ ወዳጄ ልመለስ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንደገና ተገናኘንና፥ አንድ ወረቀት ላይ በመካከሉ መስመር አስምረን ነገሩን በሁለት ወገን እንጻፈው አልሁት። ሳቀብኝ፤ ግን እሺ አለኝ። በግራ በኩል በእጁ ያልሆነውን ጻፈ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት የትምህርት ቤቶች መዘጋት፤ ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የነበረው ጦርነትና ከዚያ የመጡት ተፈናቃይ ልጆች፤ ለሦስት ተማሪ አንድ መጽሐፍ መድረሱ፤ ቁርስ ሳይበሉ የሚመጡት ልጆች፤ የፈተናው ክብደት፤ ልጆቹ በታች ክፍሎች ሳያውቁት ያለፉት ትምህርት። ሲጽፍ ፊቱ እየጠቈረ ሄደ።

በቀኝ በኩል መጀመሪያ የጻፈው ሁለት ነገር ብቻ ነበረ፤ በሰዓቱ መግባትና ትምህርቱን ማዘጋጀት። ሌላስ ብዬ ጠየቅሁት። ቈይቶ የልጆቹን ደብተር ማረም አለ። ቀጥሎም የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ልጆች ክፍልፋይን እንኳ በቅጡ እንደማያውቁ እያወቀ፥ የዓመቱ መርሐ ትምህርት አያልቅልኝም በሚል ጭንቀት አንድ ቀን እንኳ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዳላስተማራቸው ተናገረ። የ8ኛ ክፍሉን የሒሳብ መምህር በየቀኑ እያየው ስለ ልጆቹ አንድ ጊዜ እንኳ አነጋግሮት እንደማያውቅም ጨመረ። እነዚህንም ጻፋቸው። ከዚያ በኋላ ብዕሩን አስቀምጦ ዝም አለ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ከዚያች ወረቀት የተማርሁት ይህ ነው። ይህን መለያየት ኃላፊነትን ከትከሻ ማውረጃ አድርገው የሚያዩት ብዙዎች ናቸው፤ እኔም ከነሱ አንዱ ነበርሁ። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ወዳጄ የማይቻለውን ሁሉ ተሸክሞ ስለ ነበረ፥ የሚቻለውን ለማንሣት ጉልበት አልቀረውም ነበር። ጭንቀቱ ትጋት ይመስለው ነበር፤ ዳሩ ግን ትጋቱን የሚበላው ጭንቀቱ ነበር። ሸክሙን በለየ ጊዜ የቀረው ሥራ ቀላል አልሆነለትም፤ እንዲያውም በዛበት። ግን ሊሠራ የሚችል ሥራ ሆነ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ክፍልፋይ ማስተማር ጀመረ። በሚቀጥለው ፈተና ከትምህርት ቤቱ ስንት ተማሪ አለፈ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፥ አንዲት ልጅ ብቻ ናት። ይህን የምነግራችሁ ነገሩ በድል አለቀ ለማለት አይደለም። ሌሊት ግን ይተኛል፤ ዛሬም ያስተምራል።

በዚህ ትምህርት ላይ የሚነሡ ሦስት ተቃውሞዎች አሉ፤ እያንዳንዳቸውን በአጭሩ ልመልስ።

አንደኛው፥ የአረማውያን ፍልስፍና ለሃይማኖተኛ ሰው ምን ያደርግለታል የሚል ነው። ሰው በእምነቱ የሚያገኘውን መጽናናት ፍልስፍና ሊተካው አይችልም፤ ልተካውም አይልም። ነገር ግን አባቶቻችን ከሩቅ አገር የመጣ ጥበብን አልናቁም። በ16ኛው መቶ ዓመት ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው መጽሐፈ ፈላስፋ፥ በጥንት የግሪክ ጠቢባን ስም የሚነገሩ ምክሮችን በገዳሞቻችን አስገብቷል። የቅኔ ቤት ተማሪዎቻችንም ያለ ኤፒክቴጦስ ይህንኑ ትምህርት ኖረውታል። ደበሎ ለብሶ፥ አኮፋዳ አንግቶ፥ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ የሚለምን ተማሪ፥ ማታ ምን እንደሚበላ አያውቅም፤ ከየትኛው አጥር ውሻ እንደሚወጣበትም አያውቅም። የነገውን ቅኔ መቍጠሩን ግን አይተውም። እራቱ በሌላ ሰው እጅ ነው፤ ቅኔው ግን በእጁ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይበልጥ ይከብዳል። ደመወዙ ከወር እስከ ወር የማያደርሰውን መምህር «የምትችለውን ሥራ፥ የማትችለውን ተቀበል» ማለት በችግሩ ላይ ማላገጥ አይሆንምን? አዎን፥ አንዱ የሌላውን ጆሮ ለመድፈን ከተጠቀመበት ማላገጥ ይሆናል። ፍልስፍና ሰው ለራሱ የሚወስደው መድኃኒት እንጂ አለቃ ለበታቹ የሚያዝዘው አይደለም። በዚህ ጉባኤ ያላችሁ የትምህርት ሹማምንት ይህን እንድታስተውሉልኝ እለምናለሁ። በመምህሩ ወረቀት ላይ በግራ በኩል የተጻፉት ብዙዎቹ ነገሮች በእናንተ ወረቀት ላይ በቀኝ በኩል ይጻፋሉ። የመጽሐፍ ቍጥር፥ የደመወዝ በጊዜው መድረስ፥ የመምህር ዝውውር፥ ለተራበ ልጅ የሚሰጥ ምግብ፥ ሁሉም ለመምህሩ ዝናም ሲሆኑ ለእናንተ ግን እርሻ ናቸው። ለመምህሩም ቢሆን መብቱን በሥርዓት መጠየቅ በእጁ ካሉት ሥራዎች አንዱ ነው። የጥያቄው መልስ በእጁ ባይሆንም፥ መጠየቁ የርሱ ነው።

ሦስተኛው፥ ጭንቀት በሽታ የሆነበትን ሰው ንግግር ይፈውሰዋልን የሚል ነው። ለብዙ ሳምንታት እንቅልፍ ያጣ፥ ልቡ ያለ ምክንያት የሚደልቅበት፥ ምግብ የዘጋው፥ መኖር ያስጠላው ሰው ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ይህ አሳፋሪ ነገር አይደለም። ዳሩ ግን በዚህም በኩል ፍልስፍና ባዕድ አይደለም። በ1950ዎቹ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በአሜሪካ አገር አልበርት ኤሊስ የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅ አዲስ የሕክምና መንገድ ሲጀምር፥ ሐሳቡን ከኤፒክቴጦስ እንዳገኘ ራሱ መስክሯል። በ1960ዎቹም ሐኪሙ አሮን ቤክ በተመሳሳይ መንገድ የታማሚን አስተሳሰብ በመመርመር የሚፈውስ ሥርዓት አቆመ። ዛሬ ይህ ሕክምና በብዙ አገሮች ለጭንቀት ሕሙማን ይሰጣል። የባሪያው መምህር ቃል ከሁለት ሺህ ዓመት ግድም በኋላ ሐኪም ቤት ገባ ማለት ነው።

እንግዲህ ይህን ትምህርት በዕለት ሥራ ላይ እንዴት እናውለው? ኢስጦኢኮች ፍልስፍናን እንደ ሥጋ ልምምድ ይቈጥሩት ስለ ነበረ፥ በየቀኑ የሚደረጉ ልምምዶችን ትተውልናል። ሦስቱን ብቻ ላንሣ።

የመጀመሪያው የጧት ነው። ከቤት ሳንወጣ፥ በዛሬው ቀን ሊገጥመን የሚችለውን ክፉ ነገር በእርጋታ አስቀድመን ማሰብ ነው። «የፈሩት ይደርሳል፥ የጠሉት ይወርሳል» የሚለው የአገራችን ምሳሌ ማስፈራሪያ ይመስላል፤ ኢስጦኢኮች ግን የዚህን ዓይነቱን ነገር ወደ መዘጋጃ ለወጡት። ዛሬ አንድ ወላጅ ይቈጣኝ ይሆናል፤ ያዘጋጀሁት ትምህርት ላይገባቸው ይችላል፤ ተቈጣጣሪ ድንገት ሊመጣ ይችላል። ቢሆንስ ምን አደርጋለሁ? ብሎ መልስ አበጅቶ መውጣት ነው። ከጭንቀት የሚለየውም በዚህ ነው። ጭንቀት ጥያቄውን ይደጋግማል፤ ይህ ልምምድ ግን አንድ ጊዜ መልሶ ይዘጋዋል።

ሁለተኛው የቀን ነው፤ ይኸውም ያን በሁለት የተከፈለ ወረቀት መጠቀም ነው። ነገሩ ሲጠብብን መጻፍ ይበጃል። በልብ የተያዘ ጭንቀት ወሰን የለውም፤ በወረቀት ላይ ሲሰፍር ግን ገጽ አይሞላም።

ሦስተኛው የማታ ነው። ሴኔካ ማታ መብራቱ ከጠፋ በኋላ፥ ባለቤቱም ልማዱን ስለምታውቅ ዝም ስትልለት፥ የዋለበትን ቀን አንድ በአንድ ይመረምር እንደ ነበረ ጽፏል። ምን አጠፋሁ፥ ምን አሻሻልሁ፥ ነገ ምን አልደግምም እያለ ራሱን በወዳጅ ዓይን ይመረምር ነበር። የምርመራው ፍሬ ራስን መቅጣት ሳይሆን፥ ቀኑን ዘግቶ መተኛት ነው።

ይህ ሴኔካ ማን እንደ ነበረ ጥቂት ልናገር፤ ታሪኩ ለመምህር ይጠቅማልና። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 ቅዱስ ጳውሎስ በፊቱ የቀረበው አገረ ገዥ ጋልዮስ የሴኔካ ወንድም ነው። ሴኔካ ራሱ የኔሮን አስተማሪ ነበረ። የዘመኑ ትልቅ ሊቅ ተማሪውን በትጋት አስተማረ፤ ተማሪው ግን በጭካኔው የታወቀ ንጉሥ ሆነ፤ በ65 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓ አቈጣጠርም አስተማሪውን በገዛ እጁ እንዲሞት አዘዘው። ሴኔካ ከነቀፋ ነጻ አልነበረም፤ ድህነትን እያመሰገነ በታላቅ ሀብት ይኖር ነበር። ነገር ግን የተማሪው መጨረሻ በአስተማሪው እጅ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም።

ስለ ተማሪዎቻችን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ጭንቀት ከመምህር ወደ ተማሪ ይተላለፋል። «ይህን ፈተና ከወደቅህ ሕይወትህ አለቀ» የሚለው ቃል ከስንቶቻችን አፍ ወጥቷል? ከኔ አፍ ወጥቷል፤ ዛሬም እጸጸትበታለሁ። ይህ ቃል በመጀመሪያ እውነት አይደለም፤ ሁለተኛም ልጁ በፈተናው አዳራሽ ስለ ጥያቄው እንዳያስብ ያደርገዋል፤ ልቡ በውጤቱ ላይ ነውና። ከፈተናው በፊት ልንላቸው የሚገባን ሌላ ነው፤ «ጥያቄውን አስተውለህ አንብብ፤ የምታውቀውን አስቀድመህ ሥራ፤ ያላወቅኸውን እለፈውና ተመለስበት፤ ይህ በእጅህ ነው፤ ውጤቱ ሲመጣ አብረን እናየዋለን።» አብረን የምትለውን ቃል አትርሱብኝ። ልጁ ነገ የማይታወቅ መሆኑን ሊቀበል የሚችለው፥ የማይታወቀውን ነገር ብቻውን እንደማይጋፈጠው ሲያውቅ ነው።

አሁን ወደ መደምደሚያዬ እመጣለሁ። ኤፒክቴጦስ አንድ መጽሐፍ እንኳ አልጻፈም ብያችሁ ነበር። ታዲያ ቃሉ እንዴት ደረሰን? በኒቆጶሊስ ከተቀመጡት ተማሪዎቹ መካከል አርያኖስ የሚባል ወጣት ነበረ፤ በኋላ አገረ ገዥ የሆነውና የታላቁን እስክንድርን ታሪክ የጻፈው ሰው ነው። እርሱ መምህሩ ሲናገር እየሰማ ጻፈ። ዛሬ በእጃችን ያለው የዚያ ተማሪ ማስታወሻ ነው። ማስታወሻው ከእጅ ወደ እጅ እየሄደ ሩስቲኩስ ወደሚባል ሌላ መምህር ደረሰ፤ ሩስቲኩስም ለሚያስተምረው ወጣት ለማርቆስ አውሬልዮስ ሰጠው። ይህ ወጣት ከ161 እስከ 180 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የሮማ ንጉሠ ነገሥት ሆነ። በዘመኑ ወረርሽኝና ጦርነት ያልተለየው፥ ከ10 በላይ ልጆች ወልዶ አብዛኞቹን የቀበረ ሰው ነው። በጦር ሰፈር ሆኖ ለራሱ በጻፈው ማስታወሻ ለመምህሮቹ ምስጋናውን ሲያቀርብ፥ የኤፒክቴጦስን ትምህርት ስላስተዋወቀው ሩስቲኩስን በስሙ ጠርቶ አመሰገነ። ኤፒክቴጦስ ሲሞት ማርቆስ ገና ልጅ ነበረ። ባሪያ የነበረው ሽባ መምህር፥ የክፍሉ ቃል ንጉሠ ነገሥትን በድንኳኑ እንደሚያጽናና አላወቀም።

ቃሉ ወደ እኛ ዘመንም ተሻገረ። ጄምስ ስቶክዴል የተባለው አሜሪካዊ የጦር አውሮፕላን ነጂ በመስከረም 1965 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በቬትናም ላይ ተመትቶ ወደቀና፥ ከሰባት ዓመት በላይ በእስር ቈየ። የቀደመ ትምህርቱ ኤፒክቴጦስን አስተዋውቆት ነበርና፥ በዚያ ትምህርት እንደ ጸና በኋላ ተናግሯል። በዚህ በዓል እንፈታለን፥ በሚቀጥለው በዓል እንፈታለን እያሉ ቀን የቈረጡት ጓደኞቹ ቀኑ ሲያልፍ ልባቸው እንደ ተሰበረም መስክሯል። እርሱ መፈታቱን ተስፋ ሳይቈርጥ፥ ቀኑን ግን ሳይቈርጥ ኖረ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ የኔ መደምደሚያ ይህ ነው። ነገ አለመታወቁን እንደ ጠላት ብቻ አየነው። ነገር ግን ሴኔካ የኔሮንን መጨረሻ እንዳያውቅ ያደረገው ይኸው አለመታወቅ፥ ኤፒክቴጦስም የአርያኖስን ማስታወሻ የት እንደሚደርስ እንዳያውቅ አድርጎታል። የመምህር ሥራ ሁልጊዜ ከፊቱ የማይታይ ነው። ስለዚህ ፍርሃታችንና ተስፋችን የሚበቅሉት ከአንድ መሬት ነው፤ አንዱን ነቅለን ሌላውን ለብቻው ማስቀረት አንችልም። ነገን ብናውቀው ኖሮ፥ ከክፍላችን ኋለኛ ወንበር የተቀመጠውን ዝምተኛ ልጅ በተስፋ ለማስተማር ምን ምክንያት ይኖረን ነበር?

ነገ ጧት ክፍል ስንገባ ውጤቱን ለጊዜው እናስቀምጠውና ጠመኔውን እናንሣ። እርሱ በእጃችን ነው።